ለሞተረኛ ወንድሞች፦ የኋላ ማቆሚያ እንዴት እንምረጥ? እንዴትስ እንጠቀምበት?



በቅርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ መንገድ ዳር አንድ ወጣት ሞተር ሳይክሉን ሲያጸዳ አገኘነው። የለስላሳ ሳጥን ከኢንጂኑ ሥር አስገብቶ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስቶታል። ኢንጂኑ እየሠራ፣ ማርሹ አንደኛ ላይ ሆኖ፣ ጎማው በራሱ ይዞራል። እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ በሚዞረው ካቴና ላይ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ይዟል። «ወንድም፣ አጥፋው እንጂ!» ስንለው ፈገግ ብሎ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው፤ አልሐምዱሊላህ እስከ ዛሬ ምንም አልሆንኩም» አለን። ንግግሩን ሳይጨርስ ጨርቁ ከእጁ ተነጠቀና ከኋላ ጥርሱ ጋር ተጠቅልሎ ገባ። ሞተሩ ተንገጫግጮ ከሳጥኑ ላይ ወረደ፤ ኢንጂኑም ጠፋ። ወጣቱ ጣቶቹን ደጋግሞ ቆጠረ። አምስቱም ነበሩ። የሄደው ጨርቁ ብቻ ነበር።

ያ ወጣት ሰነፍ አይደለም። እንዲያውም ካቴናውን የሚያጸዳ ጠንቃቃ ሞተረኛ ነው። የጎደለው ጎማውን ከመሬት አንስቶ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ አንድ ቀላል ብረት ነበር። ጎማው በእጅ እንደ ልብ የሚዞር ከሆነ ኢንጂን ማስነሳት አያስፈልግም፤ ኢንጂኑ ካልተነሳ ደግሞ ካቴናው ጣት የሚቆርጥበት ኃይል በእጅጉ ይቀንሳል። ዛሬ ስለዚህ ብረት፣ ማለትም ስለ ኋላ ማቆሚያ እንነጋገራለን። ለማን እንደሚያስፈልግ፣ ሲገዛም ሆነ ሲበየድ ምን መታየት እንዳለበት፣ ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወርድ በቅደም ተከተል እናያለን።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

የከተማ አስተዳደሩ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ ከከለከለ ወዲህ፣ ፈቃድ ይዞ በሞተር የሚሠራ ሰው ሞተሩን እንደ ሱቅ ነው የሚያየው። ሱቁ አንድ ቀን ከተዘጋ የቤት ወጪ ይጎድላል። በኮልፌ ቀራኒዮ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከጦር ኃይሎች እስከ 18 ማዞሪያ ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ፣ ከመርካቶ ለሱቅ ዕቃ የሚያመላልሱ ብዙ ወንድሞች አሉን። በክረምት ጭቃው፣ በበጋ አቧራው፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለቱ የሚያርፈው ካቴናው ላይ ነው።

ነገሩን በስሌት እንየው። በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ 480 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ካቴና በአብዛኛው በየ500 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መጽዳትና ዘይት መቀባት አለበት፤ በዝናብ ወቅት ደግሞ ከዚያም ቶሎ። ስለዚህ ለሠራተኛ ሞተረኛ ይህ ሥራ በየሳምንቱ የሚመጣ ነው። በዓመት 50 ጊዜ ያህል የሚሠራ ሥራ በለስላሳ ሳጥን ላይ ከተሠራ፣ አንድ ቀን ሳጥኑ መንሸራተቱ አይቀርም። በአላህ መመካት ተገቢ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

መጀመሪያ፦ የእናንተ ሞተር ያስፈልገዋል ወይ?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከሞተራችሁ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ።

እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉ ብዙ የሥራ ሞተሮች ከጎን ማቆሚያው ሌላ በመሃል ባለ ሁለት እግር ማቆሚያ ይዘው ነው የሚመጡት። እሱ ካለና ጤነኛ ከሆነ ለካቴና ሥራ ይበቃችኋል፤ ሌላ መግዛት ግዴታ አይደለም። ብዙ ጊዜ የምናየው ችግር ግን የመሃል ማቆሚያው በጭነት ብዛት መጣመሙ ወይም የሚያርፍበት እግር መበላቱ ነው። ሞተሩ በመሃል ማቆሚያው ቆሞ የኋላ ጎማው አሁንም መሬት የሚነካ ከሆነ ማቆሚያው ተበልቷል ማለት ነው። ይህን ጥሩ በያጅ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ከአዲስ ማቆሚያም ይረክሳል።

የመሃል ማቆሚያ አጠቃቀምም ዘዴ አለው። ብዙ ሰው በወገቡ ሊያነሳው ይሞክርና ጀርባውን ይጎዳል። ትክክለኛው መንገድ ከሞተሩ በግራ በኩል ቆሞ በግራ እጅ መሪውን፣ በቀኝ እጅ የኋላ መያዣውን መያዝ ነው። ከዚያ ሁለቱም የማቆሚያው እግሮች እኩል መሬት እስኪነኩ ሞተሩን ቀና ማድረግ፣ በመጨረሻም የማቆሚያው መርገጫ ላይ የሰውነትን ክብደት መጫን። ሥራውን የሚሠራው እግር ነው፤ እጅ አቅጣጫ ይመራል እንጂ አያነሳም።

የኋላ ማቆሚያ በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው የመሃል ማቆሚያ የሌላቸው ሞተሮች ናቸው። እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉ ለገጠር መንገድ የተሠሩ ረጃጅም ሞተሮች የጎን ማቆሚያ ብቻ ነው ያላቸው። ያማሃ ኤጂ በግራም በቀኝም የጎን ማቆሚያ አለው፤ እሱም ቢሆን ጎማውን ከመሬት አያነሳም። አዳዲሶቹ የስፖርት ቅርጽ ያላቸው ሞተሮችም ብዙዎቹ ያለ መሃል ማቆሚያ ይመጣሉ። ከዚህ ሌላ በቀን ብዙ ሞተር የሚያነሳ መካኒክ የማንኛውም ዓይነት ሞተር ባለቤት ቢመጣ እንዲያስተናግድ አንድ የኋላ ማቆሚያ ቢኖረው ይጠቅመዋል።

የኋላ ማቆሚያ ምንድን ነው? እንዴትስ ያነሳል?

የኋላ ማቆሚያ ከቱቦላሬ ወይም ከክብ ቧንቧ የተሠራ፣ ከላይ ሲያዩት እንደ ፈረስ ጫማ ከፊት ክፍት የሆነ ብረት ነው። ከኋላ ጎማው በስተጀርባ ይገባል። በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ ከጎማዎቹ በላይ ሁለት ቋሚ ብረቶች ይነሳሉ። በቋሚዎቹ ጫፍ ላይ ሞተሩን የሚሸከሙ ሁለት መደገፊያዎች አሉ። ወደ ኋላ ደግሞ ረጅም እጀታ አለው።

አሠራሩ እንደ መፈንቀያ ብረት ነው። እጀታው ከፍ ብሎ ሳለ መደገፊያዎቹ ዝቅ ብለው ወደ ፊት ያዘነብላሉ። እጀታውን ወደ መሬት ስትጫኑት መደገፊያዎቹ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ ሞተሩም አብሮ ይነሳል። ለምሳሌ በኋላ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት 70 ኪሎ ቢሆንና እጀታው ከማቆሚያው ጎማ 80 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ መደገፊያው ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅ፣ እጅ ላይ የሚመጣው 17 ወይም 18 ኪሎ ያህል ነው። እጀታው ባጠረ ቁጥር ሥራው ይከብዳል። እጀታው አጭር የሆነ ርካሽ ማቆሚያ ብቻውን ለሚሠራ ሰው የማይመቸው ለዚህ ነው።

ሞተሩ ተነስቶ የሚቆመውም በሚዛን ነው። እጀታው መሬት ሲነካ መደገፊያዎቹ ከማቆሚያው ጎማዎች ትንሽ ወደ ኋላ አልፈው መገኘት አለባቸው። ያን ጊዜ የሞተሩ ክብደት በማቆሚያው ጎማዎችና መሬት በነካው እጀታ መካከል ያርፋል፤ ክብደቱ ራሱ እጀታውን ወደ መሬት ይጫነዋል። መደገፊያዎቹ ከጎማዎቹ በላይ ቀጥ ብለው ወይም ገና ወደ ፊት ሆነው ከቀሩ ግን ትንሽ ሲነካ እጀታው ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ሞተሩም ይወርዳል። ማቆሚያ ስትገዙም ሆነ ስታስበይዱ ከሁሉ በፊት ይህን ፈትሹ።

መደገፊያው የትኛው ይሁን?

ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ።

አንደኛው ሹካ መሰል መደገፊያ ነው። ይህ የሚሠራው የኋላ ጎማውን ግራና ቀኝ በሚይዘው ክንድ ላይ ከጎን ቡሎን የሚታሰርበት ጥርስ ያለው ቀዳዳ ሲኖር ነው። እዚያ ላይ እንደ ክር መጠቅለያ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ትንሽ ጉብታ ይታሰራል፤ የማቆሚያው ሹካ ከሥር ገብቶ ጉብታውን ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ማቆሚያ ወደ ጎን ስለማይንሸራተት ከሁሉም የተሻለ ነው። የቀዳዳው ውፍረት ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ 6፣ 8 እና 10 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ስለዚህ ጉብታውን ከመግዛታችሁ በፊት ከክንዱ ላይ ለክታችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው ጠፍጣፋ መደገፊያ ነው። ክንዱን ከሥሩ ይደግፈዋል። ቀዳዳ ለሌላቸው የሥራ ሞተሮች የሚሆነው ይኼኛው ነው። ሲመረጥ ሁለት ነገር ይታያል። መደገፊያው ላይ ላስቲክ መኖር አለበት፤ ከሌለው የአሮጌ ጎማ ቁራጭ በቡሎን ማሰር ይቻላል። ከዚህ ሌላ መደገፊያው ክንዱ ወደ ጎን እንዳይሾልክ የሚይዝ ከንፈር ሊኖረው ይገባል። ልሙጥ ብረት ብቻ ከሆነ አትግዙት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አንዳንድ ሰዎች ቀዳዳ የሌለውን ክንድ ይበሳሉ ወይም ዳዶ ይበይዱበታል። ይህን አታድርጉ። ክንዱ የኋላ ጎማውን፣ የእናንተንና የጭነቱን ክብደት የሚሸከም ነው። መብሳቱም ሆነ የብየዳው እሳት ብረቱን ያዳክመዋል፤ ሊያጣምመውም ይችላል። ማቆሚያውን ለሞተሩ አስተካክሉ እንጂ ሞተሩን ለማቆሚያው አትቁረጡ።

መደገፊያው የሚያርፍበት ቦታም ይለያል። ከጎማው ዘንግ ጥቂት ወደ ፊት፣ ክንዱ ጠንካራ የሆነበት ቦታ ትክክለኛው ነው። የካቴና ማጥበቂያ ቡሎኖቹ ላይ፣ የጭስ ማውጫው ላይ፣ ወይም ከበሮ ፍሬን ባላቸው ሞተሮች ደግሞ ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ዘንግ ላይ ማረፍ የለበትም። ዘንጉ ከተጣመመ ፍሬን አይኖራችሁም። የጎማውን ዘንግ ጫፍና ጫፍ ይዞ የሚያነሳ ማቆሚያም አለ፤ ለጽዳት ይሆናል፣ ጎማ ለማውጣት ግን አይሆንም። ጎማው የሚወጣው ዘንጉ ሲመዘዝ ነውና።

ገዝቶ ወይስ አስበይዶ?

በከተማችን የተዘጋጀ የኋላ ማቆሚያ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። የሞተር መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆችን ጠይቁ፤ ከተገኘ ከላይ ባልነው መመዘኛ ፈትሹት። የምታነሱት ሞተር ባዶውን ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 150 ኪሎ ነው፤ ማቆሚያው ላይ የተጻፈ የመሸከም አቅም ካለ 200 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሁን። ስፋቱ የሚስተካከል ከሆነ ለተለያየ ሞተር ይሆናችኋል።

ካልተገኘ ጎበዝ በያጅ በግማሽ ቀን ሊሠራው ይችላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረትና ቱቦላሬ የማይጠፋበት ቦታ ነው። ለበያጁ ይህን ንገሩት፦

• ቱቦላሬው ወይም ቧንቧው ግድግዳው ከ2 ሚሊ ሜትር ያልሳሳ ይሁን። ዝገት የበላው ብረት ቀለም ሲቀባ ደህና ይመስላል፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊት እዩት።
• ከፊት ያለው ክፍት ቦታ ከኋላ ጎማው፣ ከካቴናውና ከጭስ ማውጫው ጋር ሳይነካካ የሚገባ ይሁን። ልኩን ሞተሩን ራሱን ወስዳችሁ አስለኩ፤ በግምት አይሠራም።
• የሁለቱ ትንንሽ ጎማዎች ርቀት ከመደገፊያዎቹ ርቀት የሰፋ ይሁን። መሠረቱ ሰፊ ሲሆን ወደ ጎን አይወድቅም።
• ሲነሳ የሞተሩ ጎማ ከመሬት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ማንሳት ለሥራው ምንም አይጨምርም፤ አደጋውን ግን ይጨምራል።
• እጀታው መሬት ሲነካ መደገፊያዎቹ ከጎማዎቹ ወደ ኋላ ማለፋቸውን ሞተሩን ጭናችሁ እዩ። ካላለፉ እዚያው ይስተካከል።
• ብየዳው ነጥብ ነጥብ ሳይሆን ዙሪያውን ሙሉ ይሁን።

ማቆሚያው ለአንድ ሰው ወጪው ከበዛበት አብረው የሚሠሩ አራትና አምስት ወንድሞች አዋጥተው አንድ ቢያሠሩ ይበቃቸዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት የሚፈለግ ዕቃ ነው፤ በጋራ ቢሆን ማንንም አያጣላም። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ሞተሩን ስለሚይዝለትም ሥራው ከብቻ ይልቅ አስተማማኝ ይሆናል።

ሞተሩን ማንሳት፦ በቅደም ተከተል

1. ቦታ ምረጡ። ኮልፌ ዳገቱ ብዙ ነው፤ ለዓይን ጠፍጣፋ የሚመስል መንገድ ሁሉ ጠፍጣፋ አይደለም። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ደረቅ ወለል ከሁሉ ይሻላል። ኮብልስቶን ላይ ከሆናችሁ የማቆሚያው ትንንሽ ጎማዎች በድንጋዮቹ መሃል ይቀረቀራሉ፤ ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። ሣርና ጭቃ ላይ በፍጹም አታንሱ።

2. ኢንጂኑን አጥፉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ አስገቡ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ። ኢንጂኑ ሲሠራ ቆይቶ ከሆነ የጭስ ማውጫው እስኪበርድ ጠብቁ። ሞተሩ ላይ የተጫነ ዕቃና ሳጥን ካለ አውርዱ።

3. የጎን ማቆሚያው ወርዶ ይቆይ። ነገሩ ካልተሳካ ሞተሩ የሚመለስበት እሱ ነው።

4. ማቆሚያውን ከኋላ አስገቡ። እጀታውን ከፍ አድርጋችሁ መደገፊያዎቹን በክንዱ ሥር በግራም በቀኝም አስተካክሉ።

5. ሞተሩን ቀና አድርጉ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ከጎን ቆሞ መሪውንና መቀመጫውን ይያዝ፤ ሌላው ማቆሚያውን ይጫን። ብቻችሁን ከሆናችሁ ከግራ በኩል ቆማችሁ በአንድ እጅ የኋላ መያዣውን ይዛችሁ ሞተሩን ቀና አድርጉ፤ በሌላው እጅ እጀታውን ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን ብቻችሁን አትሞክሩት።

6. ከመጫናችሁ በፊት ሁለቱም መደገፊያዎች ክንዱን መንካታቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ። አንዱ ብቻ ነክቶ ስትጫኑት ሞተሩ ወደ ሌላው ጎን ይወድቃል። በዚህ ሥራ ከሚደርሱ አደጋዎች ዋናው ይህ ነው።

7. እጀታውን በቀስታ፣ ሳታቋርጡ መሬት እስኪነካ ተጫኑ። ሞተሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አትደንግጡ። ስለዚህ ስታነሱ የፊት ፍሬኑ መያዝ የለበትም።

8. ከተነሳ በኋላ የፊት ፍሬኑን መያዣ በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ከመሪው ጋር እሰሩት። የፊት ጎማው ካልተንከባለለ ሞተሩ ከማቆሚያው አይወርድም። መቀመጫውን ይዛችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት። ጸንቶ ከቆመ ሥራ ጀምሩ።

በተነሳ ሞተር ላይ አይቀመጡም፣ ልጅም አይቀመጥበትም። በጠባብ ግቢ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ልጆቹን አርቁ፤ የሚዞር ጎማ ለልጅ ጨዋታ ይመስለዋል።

በኤሌክትሪክ ሞተር ለሚሠሩ ወንድሞች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። በብዙዎቹ መንቀሳቀሻው በኋላ ጎማው ውስጥ ነው፤ ካቴና የላቸውም፣ ድምፅም አይሰማም። የመንጃ እጀታው በስህተት ቢነካ የተነሳው ጎማ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይሽከረከራል። ስለዚህ ቁልፍ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የባትሪውን መስመር ሳታቋርጡ ጎማውን አትንኩ።

ከተነሳ በኋላ ምን እንሥራ?

ካቴናውን ማጽዳት። ጎማውን በእጃችሁ በቀስታ እያዞራችሁ በብሩሽና በላምባ እጠቡት። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ እሳት ይስባል፣ በካቴናው መገጣጠሚያ ውስጥ ላስቲክ ካለም ያበላሻል። ጨርቅ ስትጠቀሙ ጣታችሁ ላይ አትጠቅልሉት፤ ጎማውንም ካቴናው ከጥርሱ እየተላቀቀ ወደሚሄድበት አቅጣጫ እንጂ እጃችሁ ወደ ጥርሱ ወደሚጎተትበት አቅጣጫ አታዙሩ። በእጅ የሚዞር ጎማም ቢሆን ጣት ይቆነጥጣል። ከደረቀ በኋላ የካቴና ዘይት ወይም ወፈር ያለ የማርሽ ዘይት በውስጠኛው በኩል ቀቡና የተረፈውን ጥረጉ። ወፍራም ግራሶ መለጠፍ ጥሩ አይደለም፤ አቧራ ይሰበስብና ካቴናውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ካቴናው ማለቁን ማወቅ። በብዙ የሥራ ሞተሮች ካቴና ላይ 428 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። እንዲህ ያለውን ካቴና ወጥር አድርጋችሁ ከአንድ ፒን መሃል ጀምራችሁ እስከ 21ኛው ፒን መሃል ለኩ። አዲስ ካቴና 25.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ 25.7 ከተጠጋ ማለቅ ጀምሯል፤ 25.9 ከደረሰ ለውጡት። ከኋላና ከፊት ጥርሱ ጋር አብሮ መቀየሩ ይመከራል፤ ያረጀ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይጨርሰዋል።

ልቀቱን ማስተካከል። በሁለቱ ጥርሶች መሃል ካቴናውን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱት በአስፋልት የሥራ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት፤ ለገጠር መንገድ የተሠሩት ከዚህ የበለጠ ይፈልጋሉ። ትክክለኛው ልክ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ፣ አንዳንዴም በክንዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በምን ሁኔታ እንደሚለካም አብሮ ይጻፋል። የመሃል ማቆሚያ ላይ ሲቆም የኋላ ጎማው ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ በኋላ ማቆሚያ ላይ ግን ክብደቱ በክንዱ ላይ ስለሆነ ጎማው አይንጠለጠልም። ስለዚህ በሁለቱ ላይ የሚለካው ልቀት እኩል ላይሆን ይችላል።

ስታስተካክሉ የጎማውን ዘንግ ዳዶ ፍቱ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ማጥበቂያዎች እኩል አዙሩ፣ በሁለቱም በኩል ያሉት ምልክቶች አንድ ላይ መሆናቸውን እዩ። ጎማውን እያዞራችሁ በብዙ ቦታ ለኩ፤ ካቴና በአንድ ቦታ ጠበቅ፣ በሌላ ቦታ ላላ ሊል ይችላል። ልኩን የምትይዙት በጠበቀው ቦታ ነው። ዳዶውን መልሳችሁ በደንብ አጥብቁ፤ መቆለፊያ ፒን ካለውም መልሱ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ከበሮ ፍሬን ባለው ሞተር ካቴናውን ለማጥበቅ ጎማውን ወደ ኋላ ስትጎትቱት የፍሬን ዘንጉም አብሮ ይጎተታል። ፔዳሉ ልቀት ያጣና ፍሬኑ ሳትረግጡት እየያዘ ይሄዳል። ከበሮው ይግላል፣ ነዳጅ ይበላል። ጎማውን በእጃችሁ አሽከርክሩት፤ ካልተንሸራተተ የፍሬኑን ማስተካከያ ትንሽ ፍቱ። ከዚያ ፔዳሉን ረግጣችሁ በደንብ መያዙን አረጋግጡ።

ጎማው በአየር ላይ እያለ ኩሽኔታውንም ፈትሹ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ስትገፉት ከተንቀጫቀጨ ወይም ሲዞር የሚፈጭ ድምፅ ካለው መካኒክ ይየው። ሚስማር የተሰካበት፣ ሽቦው የላላ ጎማም የሚገኘው በዚህች ደቂቃ ነው።

ማውረድ

ማውረድ ከማንሳት ይልቅ ሰው የሚዘናጋበት ነው፤ ሥራው አልቋል ብሎ ያስባልና። ዕቃ ሁሉ ከሥሩ መነሳቱን፣ የጎን ማቆሚያው መውረዱን እዩ። የፊት ፍሬኑን ፍቱ። ሞተሩን በአንድ እጅ ይዛችሁ እጀታውን በቀስታ ወደ ላይ መልሱ፤ በድንገት አትልቀቁት። ጎማው መሬት ሲነካ ሞተሩን ወደ ጎን ማቆሚያው አሳርፉና ማቆሚያውን ጎትታችሁ አውጡ። ወደ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት በዝግታ ጥቂት ሜትር ነድታችሁ ፍሬኑን ሞክሩ።

ከሥራ በኋላ ስለ እጃችን

ሥራው ብዙ ጊዜ ከዐስር በኋላ ይጀመርና የመግሪብ አዛን ሲወጣ እጃችን ጥቁር ሆኖ ይደርስብናል። ዑለሞቻችን እንደሚያስተምሩት ውሃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ የሚያግድ ሽፋን ካለ ከዉዱእ በፊት መነሳት አለበት፤ የቀለሙ ጥላ መቅረቱ ግን አይጎዳም። እጅን በቤንዚን መታጠብ ቆዳን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ከዚያ ይልቅ ጥቂት የምግብ ዘይትና ስኳር ወይም ሰጋቱራ ይዛችሁ አሽታችሁ በሳሙና ታጠቡ። ያገለገለ ዘይትና ላምባንም ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ በጀሪካን አጠራቅሙት። ቦዩ ወርዶ ወርዶ የሌላ ሰው ደጅ ነው የሚደርሰው።

ያ የአጣና ተራው ወንድማችን በዚያው ሳምንት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ አንድ ማቆሚያ አስበይዷል። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ ኢንጂን እየሠራ እጅ ወደ ካቴና አይሄድም። ማቆሚያ ባይኖራችሁ እንኳ ሞተሩን በእጃችሁ ገፋ እያደረጋችሁ ክፍል በክፍል አጽዱት፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ጣት አይወስድም። ይህን መልእክት ለምታውቁት ሞተረኛ ሁሉ አድርሱልን።

አላህ ሪዝቃችሁን ሐላልና ሰፊ ያድርግላችሁ፤ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ወደ ቤተሰባችሁ የምትመለሱ ያድርጋችሁ። አሚን።